ሰባ አራትን ያየ አለ?

ጣውንት ነበረችኝ። አትደንግጡ፤ ሰው አይደለችም፣ አውሮፕላን ናት። ባሌ ዑመር ጠዋት ዓይኑን እንደገለጠ ከእኔ በፊት ስልኩን ነበር የሚያየው። ቴሌግራም ላይ «የብረት ወፎች» የሚባል ግሩፕ አላቸው። አትላንታ ዙሪያ አውሮፕላን ያሳበደው ሐበሻ ሁሉ እዚያ ነው፤ ከሎረንስቪልም፣ ከዱሉዝም፣ ከእኛም ከፓይን ሌክ። አንዱ የጃንሆይ ዘመን ዳኮታ ይለጥፋል፣ አንዱ የሶቪየት አንቶኖቭ፣ አንዱ ደግሞ ሃይዌይ ላይ ሲነዳ ከራሱ በላይ ያለፈ የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ጣይ በመኪና መስታወት በኩል አንስቶ ይልካል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ክንፉ እንዲህ ነበር፣ ጎማው እንዲያ ነበር። ወላሂ ሰው የገዛ ልጁን እንደዚያ አገላብጦ አያይም።

የዑመር ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ሰባ አራትን ያየ አለ?» ይላል። ሰባ አራት የምትባለው የደርግ ጊዜ ሚግ ናት፤ ጅራቷ ላይ ያሉት የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ናቸው ስሟ። የድሮ ሚግ ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ዑመር ጅራቱን አጉልቶ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ግሩፑ ይስቅበታል። ሙሽራህ ዛሬም ጠፋች ወይ፣ ሶፍያ ትፍታህና እሷን አግባ ይሉታል። በልጅነቱ አይቷት ፍቅር የያዘው ነው የሚመስላቸው።

ለምን እንደዚያ መሰላቸው ብትሉኝ በሕጋቸው ምክንያት ነው። የግሩፑ አድሚን ገብረሕይወት የሚባል በሜካኒክነት ያረጀ ሰውዬ ነው፣ ሎረንስቪል ነው ቤቱ። ፖለቲካ ክልክል ብሎ ደነገገ። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ዓመቱ፣ የቆመበት ቦታ ይጻፋል። ምን ጭኖ እንደነበረ፣ የት ሄዶ ማን ላይ እንደጣለ አይጻፍም፤ የጻፈ ይባረራል። አልፈርድበትም። ያለዚያ ሕግ የእኛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይበታተን ነበር። ግን ስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳር ላይ አብረው ሳምቡሳ የበሉ ሰዎች፣ ያኔ ማን ከላይ ማን ከታች እንደነበረ ሳይጠያየቁ ኖሩ።

ዑመር ከታች ነበር። ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ቅዳሜ ከእናቱ ጋር ገበያ ወጥቶ። ከተማዋን አልጠራም፤ ብጠራት የማን ወገን ነበረች ብላችሁ ትጣላላችሁ፣ ስንቱ ገበያ ነው የተመታው። እናቱ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ጄቱ ዝቅ ብሎ መጥቶ ጩኸቱ ሳይሰማ አለፈ፣ ከዚያ እህል ተራው ተነሥቶ አየር ላይ ወጣ። አህያና ሰው አንድ ላይ ሆኖ ወረደ። አንድ ሰውዬ የተቆረጠ ክንዱን በደህናው ክንዱ ታቅፎ ሲሮጥ አየሁ ይላል ዑመር፣ ወዴት እንደሚሮጥ እንጃ። እናቱ መሬት ላይ ጥላው ከላዩ ተኛችበት። ሊነሣ ሲታገላት ማጅራቱን ጨምድዳ ይዛ ጆሮው ላይ፣ «አትነሳ፤ ይመለሳል» አለችው።

ተመለሰ። በብብቷ ሥር አጮልቆ ሲያይ ጄቱ ሲጠመዘዝ ጅራቱ ላይ ሰባ አራትን አነበበ። ቁጥር ገና መማሩ ነበርና ያየውን ሁሉ የሚያነብበት ጊዜ ነበር። ከዚያ እናቱ ከበደችው። ሙቅ ነገር ጆሮው ውስጥ ገባ፣ አፉ ውስጥ ገባ፣ የተበተነው በርበሬ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኑን አቃጠለው። ሲመሽ ሰዎች መጥተው አነሷት። ማጅራቱን የያዘውን እጇን አንድ በአንድ ጣቷን እያላቀቁ ነው ያስለቀቁት።

ስለዚህ እኛ ቤት በርበሬ አይገባም። እንግዳም ቢመጣ አልጫ ነው የሚበላው፤ ጨጓራ አለበት ብዬ ነው ሰውን የማታልለው። ሌላም ነገር አለ። በፊት ለፊቱ የሚመጣ አውሮፕላን ምንም አይለውም፣ እንዲያውም ፎቶ ያነሳዋል። ከኋላው ሳያየው ዝቅ ብሎ የመጣ እንደሆነ ግን ሰውነቱ የራሱ አይደለም። አንድ ቀን ሎረንስቪል ገበያ አዳራሹ ጋ ፓርክ አድርገን ዕቃ ስንጭን፣ ለኳስ ጨዋታ መክፈቻ በስታዲየም ላይ የሚያበርሯቸው ተዋጊ ጄቶች ከኋላችን ዝቅ ብለው መጡ። ዑመር አንገቴን ይዞ አስፋልት ላይ ጣለኝ፣ ከላዬ ተኛብኝ። የፊት ጥርሴ ተሰበረ። አፌ በደም ተሞልቶ እየጮህኩ እሱ ጆሮዬ ላይ፣ «አትነሺ፤ ይመለሳል» ይለኛል። ሰዉ ሚስቱን ሊገድል ነው ብሎ ፖሊስ ጠራ። ስንት ለምኜ ነው የተውት።

በዚያ ማታ ነው ሁሉንም የነገረኝ። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፤ «ሶፊ፣ አብራሪዋን ወይ ጫኟን ያገኘሁ ቀን በእጄ ነው የሚሞተው። አስሪኝ ብትፈልጊ።» እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ክላርክስተን አንዱ በፓርኪንግ ተጣልቶት እናቱን ቢሰድበው መንጋጋውን በቡጢ ሰብሮታል፤ ሽማግሌ ገብቶ በስንት መከራ ነው የታረቁት። እናቱ ከተነሳች ዑመር ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጣውንቴ እንዳትገኝ ዱዓ አደርግ ነበር።

ጋሽ ሙላው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ልጃቸው እታገኝ በዲቪ መጥታ፣ ዜግነት ስታገኝ አባቷን አስመጣች። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ዱሉዝ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ነበርኩ ብለው ግሩፑ ውስጥ ገቡ፤ ምን ነበሩ ብሎ የጠየቃቸው የለም፣ ሕጉ ነዋ። ጫወታቸው ግን! ሳቅ ካሉ አገር ይስቃል። ዑመር አባቱን አያውቅም፤ ተለጠፈባቸው። ዶክተር የሚያደርሳቸው እሱ፣ ታክስ የሚያስሠራላቸው እሱ። እሳቸውም እኔ ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ ዑመር የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ስለነበረ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጠው ያደሩት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ አልጫችንን ይበሉና፣ «ሶፍያ፣ ይሄን የበሽተኛ ምግብ መቼ ነው የምታቆሚው?» ይሉኛል። እወዳቸው ነበር። ይሄን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ፤ እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው።

ባለፈው ጸደይ አንድ ማክሰኞ፣ ዑመር ትራኩን ይዞ ቴነሲ ሄዶ ሳለ ጋሽ ሙላው ቤት መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል። «ለዑመር ነው፤ ቅዳሜ ሎረንስቪል የድሮ አውሮፕላኖች በሚመጡበት ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ልሰጠው ነው። አንቺ ግን አስቀድመሽ እዪ» አሉኝ። ደብረ ዘይት እህታቸው ሻንጣ ሥር የነበረ ፎቶ ነው፤ በሰው አስልከው አስመጡት። የገብረሕይወት ልጅ ሚካኤላ በኮምፒውተር ጭረቱን አጥፍታ፣ ቀለሙን መልሳ፣ አሳድጋ አተመችላቸው። ፍሬም አስገብተውታል።

ነጠላውን ገለጡት። ሚግ ናት። ጅራቷ ላይ ሰባ አራት። ሰማዩን ሚካኤላ ሰማያዊ አድርጋዋለች፣ የሚያምር። ክንፏ ሥር ቦምብ ተንጠልጥሏል፤ ቦምቡ ላይ አንድ ከሲታ ወጣት ክንዱን አሳርፎ ይስቃል፣ የጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣል።

ይሄ ማነው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እያወቅኩ። «አላወቅሽኝም? ያኔ ፀጉር ነበረኝ» ብለው ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን የማስታጥቃት እኔ ነበርኩ፣ ቦምቧን የምጭን፣ አንድ ቀን ከሽፎባት አያውቅም አሉኝ፣ ዑመር ይሄን ሲሰማ በደስታ ያብዳል አሉኝ።

ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እናቱን፣ በርበሬውን፣ ጥርሴን። ስጨርስ የከተማዋን ስም ብቻ ጠየቁኝ። ስሟን ስጠራ ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። እጃቸውን ከላዩ አላነሱም። «ለሁለት ዙር ነበር የጫንኩላት» አሉ።

ውጡልኝ አልኳቸው፣ ከቤቴ ውጡልኝ። ነጠላቸውን ወረወርኩባቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ፍርሃቱ ከንዴቱ በለጠብኝ። ያቃጥሉት አልኳቸው፣ ቅዳሜም እንዳይመጡ፤ ይገድልዎታል፣ እሱም እስር ቤት ይበሰብሳል፣ እኔም እዚሁ ባዶ ቤት እቀራለሁ። ስንት ሰው ነው በአንድ ፎቶ የሚሞተው? ጋሽ ሙላው ዓይኔን አላዩም። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ይሄን ሁሉ ዘመን ሲፈልግ የኖረው እኔን ነው» አሉ። «ዝም ብዬ አልጫውን ልብላ?»

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላህ ይወቀው። ዑመር ሲመለስ ቅዳሜ አንሂድ አልኩት፣ አሞኛል አልኩት፣ ተጣላሁት። እሱ እንደሆን የአውሮፕላን ቀን ከመጣ የሚይዘው የለም። እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ አልኩ። ለጋሽ ሙላው ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሱም። የሚቀሩ መሰለኝ። ፈርተው የሚቀሩ መሰለኝ፣ እሰይ አልኩ።

ሎረንስቪል ትንሿ አየር ማረፊያ ጋ አጥሩ ዳር የእኛ ሰዎች የሚቀመጡበት ሳር አለ። ፈረንጁ ወዲያ ማዶ ድንኳኑ ጋ ነው፤ የእኛዎቹ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ሻያቸውን ቀድተው፣ ካሜራቸውን ደርድረዋል። ገብረሕይወት አለ፣ ሚካኤላ አለች፣ ሌሎችም። ዑመር መኪናውን ከኋላችን አቁሞ ጎማው አየር ጎድሎታል፣ ልቀይረው ብሎ የጎማ መፍቻውን አውጥቶ ሲያይ ነበር። ጋሽ ሙላው በእግራቸው በአጥሩ ዳር ዳር መጡ። ሱፍ ለብሰዋል። ፍሬሙን በዚያው ነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውታል።

ሚካኤላ አጨበጨበች፣ የልፋቷ ውጤት ነዋ። «ዑመር፣ ላይክ፣ ታለቅሳለህ ዛሬ» አለችው እንግሊዝኛ በተቀላቀለ አማርኛዋ፣ ደስ ብሏት። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ተዘጋጀ። ዑመር እየሳቀ መጥቶ ነጠላውን ገለጠ። ቁጥሩን አየ። ሳቁ ቆመ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ጣቱን ጅራቷ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ወደ ክንፏ፣ ከዚያ ወደ ቦምቡ፣ ከዚያ ወደሚስቀው ልጅ ወሰደው። ይሄ ማነው ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሙላው። «ጫኟ እኔ ነበርኩ። ሶፍያ ነግራኛለች። የዚያን ቅዳሜም የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ዑመር ፍሬሙን በሁለት እጁ አንስቶ ፊታቸው ላይ ሰበረው። መስታወቱ ሲሰበር ሰማሁ። የግራ ዓይናቸው የነበረበት ቦታ ደም ሆነ። እሳቸው አልጮሁም፤ እጃቸውን እንኳ ወደ ፊታቸው አላነሱም። በቡጢ ደረታቸው ላይ መታቸው፣ በጀርባቸው ወደቁ፣ ጎናቸውን ረገጠው፣ አጥንት ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። እስከ ዛሬ እርስዎ ሲላቸው የኖረውን ሰው፣ «ተነሳ! አንተ ተነሳ!» ይላቸዋል። ገብረሕይወት ከኋላ ቢይዘው በክርኑ አፍንጫውን አደቀቀው። ሌላው ወገቡን ቢይዘው ጆሮውን ነክሶ አስለቀቀው። እኔ ታጣፊ ወንበር አነሳሁ። የገዛ ባሌን ጀርባ በወንበር ነው የመታሁት፣ ከዚያም ደገምኩት፣ ወንበሩ እጄ ላይ ተሰበረ። ዞሮ አላየኝም። ሚካኤላ ማድረግ የምትችለው ጠፍቷት ቆማ ትጮሃለች፣ ሥራዬ ነው፣ ሥራዬ ነው እያለች።

ዑመር ሮጦ የጎማ መፍቻውን አመጣ። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እየጎተተኝ ሄደ፣ ሳሩ ጉልበቴን ላጠው። ጋሽ ሙላው በክርናቸው ተደግፈው ትንሽ ቀና ብለዋል፣ በቀረው ዓይናቸው ያዩታል። ለሽሽት አልነበረም፤ እንዲያየው ፊታቸውን ያዞሩለት መሰለኝ። ዑመር ብረቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። ሁሉንም ነገር ያኔ አየሁት፤ የሬሳ ሳጥኑን፣ ካቴናውን፣ እታገኝን ምን እንደምላት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚያች ቅጽበት ነው አውሮፕላኑ ከኋላችን የመጣው። ባለ ፕሮፔለር የጥንት ተዋጊ ነው፤ ፈረንጆቹ ፎቶ እንዲያነሱ ብሎ ዝቅ ብሎ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ ሰማይ የተቀደደ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ብረቱ መሬት ላይ ነበር። ዑመር ከጋሽ ሙላው ላይ ተኝቷል፣ በሙሉ ሰውነቱ። ክንዱን በራሳቸው ዙሪያ አዙሮ፣ ማጅራታቸውን ጨምድዶ ይዞ፣ ፊታቸውን ከደረቱ ሥር ወሽቆታል። ደማቸው ሸሚዙን ያርሰዋል። እግሩ ላይ እንደተጠመጠምኩ ስለነበር የሚለውን ሰማሁት።

«አትነሳ» ይላቸዋል። «አትነሳ፤ ይመለሳል።»

ከሥሩ የጋሽ ሙላው ድምፅ መጣ፣ በደም የታፈነ።

«አውቃለሁ» አሉ።

እውነትም ተመለሰ። ምኑንም የማያውቅ አብራሪ ለፎቶ ዞሮ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ዑመር አጥብቆ ተጫናቸው፣ የሚመታ ከሆነ እሱን ቀድሞ እንዲመታው ሰውነቱን ዘርግቶ ሸፈናቸው። ጋሽ ሙላው እጃቸውን አውጥተው የሸሚዙን ጀርባ ያዙ። ድምፁ ርቆ ጠፋ። ማንም አልተነሳም። እኔ ያቺን ሴትዮ አላየኋትም፣ ፎቶ እንኳ የላትም፤ ያን ዕለት ግን ልጇ አካል ላይ አየኋት፣ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ዑመር ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሥሩ ያለው ማን እንደሆነ አየ፤ እጁን አየ። ተነስቶ መኪናው ጎማ ጋ ሄዶ ተቀመጠ፣ ትውኪያ በትውኪያ ሆነ። ፖሊስ ሲመጣ የመታሁት እኔ ነኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሙላው በአምቡላንስ ሲጫኑ ክስ አልመሠርትም፣ ወድቄ ነው ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል፣ ከፊታቸው ላይ የሰባ አራት ቁራጭ ተለጥፎ ነበር። ሐኪሞቹ ዓይናቸውን አላተረፉትም።

አንድ ጎረምሳ ፖሊስ መጥቶ እኔን ጠየቀኝ። ማዶ ሆነው በቪዲዮ የቀረጹ ፈረንጆች አሉ፤ ባለቤትሽ ሰውዬውን ደብድቦ ከጣለው በኋላ ከላዩ ተኝቶ ምን ሲያደርግበት ነበር አለኝ፣ ሊያንቀው ነበር ወይ?

«ሲከልላቸው ነበር» አልኩት።

ከምን አለኝ። ከአውሮፕላን አልኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጥርሴ የተሰበረበት ቦታ ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈው።